ለእትዬ ረመጥ ያሳደርኩት

ስለ እትዬ ረመጥ ሳወራ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መሳቅ ነው። ይሳቅ። እኔም ስቄባቸው አውቃለሁ፤ ወንድሜ ደግሞ ከሁላችንም አብልጦ ይስቅባቸው ነበር። አሁን ከቤተሰባችን የቀረሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ከዚህ በኋላ የሚስቀውን ሰው የመቆጣት መብት ያለኝ ይመስለኛል።

እትዬ ረመጥ አቃቂ ወንዝ ዳር ጡብ እየሠሩ ይኖሩ የነበሩ የስምንት ቤተሰቦች አምላክ ነበሩ። አምላክ ማለት ከከበደ ባለቤት በሏቸው። ሥጋቸው አፈር ነው፣ ቁጣቸው እሳት። ሥጋና ቁጣቸው ሲታረቅ ጡብ ይሆናል፤ ሲጣላ ይፈነዳል። ሃይማኖቱ ይኸው ነበር። መጽሐፍ የለው፣ ቄስ የለው፣ ሼህ የለው። እቶኑን የሚለኩሰው ሰው ጸሎቱንም ይመራል፣ በቃ። እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ለኳሹ አባቴ ነበር።

አባቴ ከወሎ መጥቶ እቶኑ ላይ ሲቀጠር እዚያው እንዳገኛቸው ይናገር ነበር። እናቴ የዚያው አካባቢ ነባር ገበሬዎች ልጅ ናት፤ የእሷ ዘመዶች ደግሞ፣ እኛ ጤፍ እንጂ ጡብ አንዘራም፣ ሴትዮዋ ከጡብ ሠሪዎቹ ጋር የመጡ ናቸው ይላሉ። ማንም የእኔ ናቸው ብሎ አልተሟገተባቸውም፤ ሁሉም ግን ይፈራቸዋል። አባቴ ሶላቱን አያጓድልም። እናቴ በማርያም ትምላለች። እቶን በሚለኮስበት ጠዋት ግን ሁለቱም ጎን ለጎን ቆመው፣ «ከአፈርዎ ሠራነው፤ በእሳትዎ ያጽኑት፤ የሚፈነዳውን ከልጆቻችን ያርቁት» ይላሉ። ወንድሜ አንድ ቀን፣ አላህን አንተ እያልክ እሳቸውን ለምን አንቱ ትላቸዋለህ ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ጥቂት አሰበና፣ አላህ ቅርብ ነው፣ እሳቸው ግን ቁጡ ናቸው አለው።

ሕጋቸው ብዙ አልነበረም። በእቶኑ አፍ ላይ አይተፋም። በሚተኮስበት ቀን አይጣሉም። ዋናው ሕግ ግን አንድ ነው፦ የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ሁሉ እሳት ከመግባቱ በፊት ሦስት ሌሊት አፈር ውስጥ ማደር አለበት። እንጨት አይቆጠርም፣ የሰው እጅ አልሠራውምና። የተሰበረ የጡብ ፎርማ፣ ያለቀ ጆንያ፣ የተቀደደ ሸሚዝ፣ የሰው እጅ የጻፈበት ወረቀት ግን ይቆጠራል። ለዚህ ሲባል ከእቶኑ በስተጀርባ አንድ ጉድጓድ ነበረች፤ መኝታ ትባላለች። የሚቃጠል ነገር ያለው ሰው እዚያ ያስተኛዋል፣ አፈርና አመድ ያለብሰዋል፣ በአራተኛው ቀን አውጥቶ ለእሳቱ ይሰጣል። አፈር ሳትቀምሰው እሳት የበላችው እንደሆነ፣ እሳቷ ነገሩን የሠራውን እጅ ፍለጋ ትመጣለች ይባላል።

ይህ ተረት አልነበረም፤ ቢያንስ ለእኛ ቤት። እኔ ከመወለዴ በፊት ወላጆቼ አንዲት የመጀመሪያ ልጅ ነበረቻቸው። ያኔ ቦታው የአንድ ባላባት ነው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ባላባቱ አጣደፋቸውና አባቴ ገና እርጥበቱ ያልወጣለትን ጡብ እቶን ውስጥ ደርድሮ ለኮሰው። በማግስቱ ጡቡ ውስጥ ለውስጥ መፈንዳት ጀመረ፣ የእቶኑ ግድግዳ ወደ ውጭ ተዘረገፈ፤ ልጅቷ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ የጭቃ ድስት ትሠራ ነበር። አራት ዓመቷ ነበር። እናቴ ስለ እሷ ስታወራ ሁልጊዜ እጇን ነበር የምታነሳው፤ ከጭቃው የተነሳ ጣቶቿ እንዴት ያምሩ እንደነበር። አባቴ ባላባቱን ሲረግም ሰምቼው አላውቅም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ይል ነበር፤ ሳላሳድር ሰጥቼ እጄን ፈልገው አጡና ልጄን ወሰዱ። የሌላውን ጥፋት ወደ ራሱ መጎተት የቆየ አመሉ መሆኑን ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ።

ወንድሜ ከእኔ በአራት ዓመት ይበልጣል። ነገሩ በሆነበት ዓመት እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እሱ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ፊዚክስ ተምሮ ከመጣ ወዲህ እትዬ ረመጥን በየቀኑ ያስረዳናል። «ውሃ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ሲያጣ ያፈነዳል። እትዬ ረመጥ ማለት እንፋሎት ናቸው» ይላል። የመደብ ትንተና የተማረ ሰሞን ደግሞ፣ እትዬ ረመጥ ባላባት ናቸው ወይስ ጭሰኛ፣ መሬቱ የእሳቸው ከሆነማ ተወርሰዋል እኮ፣ እያለ አባቴን ያሳቅቀዋል። አባቴ አይቆጣም። አመድ በዱቄት ይስቃል ብሎ ይተወዋል። አንዳንዴ ግን ልጁ ከሄደ በኋላ ዓይኑ ይከተለው ነበር። አንድ ልጁ በእቶኑ ሞታበት፣ ሌላው ልጁ በእቶኑ ሲስቅበት ምን ይሰማው እንደነበር ያኔ ማሰብ አልቻልኩም።

እኔ አማኝ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ያቺን ያላየኋትን እህቴን ስለምፈራት ይሆናል።

አብዮቱ ሲመጣ ባላባቱ ተወረሰ፣ እኛም ማኅበር ሆንን። ለሁለት ዓመት ያህል ደስ ብሎን እንደነበር መካድ አልፈልግም። አባቴ የማኅበሩ እሳት ኃላፊ ተባለ፤ ካኪ ኮት ተሰጠው፤ ኮቱን እቶን አጠገብ አያደርገውም፣ እንዳይጨስበት። ከዚያ የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን አንድ ካድሬ መጣና፣ ሠርቶ አደሩ ከባዕድ አምልኮ መላቀቅ አለበት አለን። ስምንቱም ቤተሰብ አጨበጨበ። በማግስቱ እቶን ሲለኮስ ጸሎቱ በሹክሹክታ ተባለ፤ ከዚያ በኋላም እንደዚያው ቀጠለ። ካድሬው መኝታዋን አንድ ሁለቴ ረግጧት አልፏል፤ የአመድ መጣያ መስላው።

ቀጥሎ የመጣውን ዘመን የኖረበት ያውቀዋል፤ ላልኖረበት ማስረዳት ያደክመኛል። ወደ ሳሪስ በሚወስደው መንገድ ዳር ጠዋት ጠዋት ሬሳ ተጥሎ ይገኛል፣ ደረቱ ላይ ካርቶን ተለጥፎበት። ሬዲዮኑ ነፃ እርምጃ የተወሰደባቸውን ሰዎች ስም ይዘረዝራል፤ ከዚያ ዘፈን ያስከትላል። ከቃሊቲ የሚመለሱ ሹፌሮች ያዩትን ለአባቴ በሹክሹክታ ሲነግሩት፣ እናቴ እኔን ውሃ ቅጂ ብላ ትልከኛለች፣ እንስራው ሞልቶ እያየች። ወንድሜ ዝም ያለው በዚያ ሰሞን ነው። በእትዬ ረመጥም መቀለድ ተወ። የሆነ ነገር ውስጥ እንደገባ ሁላችንም ገብቶናል፤ ማናችንም አልጠየቅነውም።

ነገሩ የጀመረበት ዕለት ሰኞ ነበር፤ እቶኑ ከተለኮሰ ገና አንድ ቀኑ ነው። ቀበሌ ወጣቶችን በሙሉ ለስብሰባ ጠርቷል፣ የቀረ ስሙ ይያዛል ተብሏል። ወንድሜ ሊወጣ ሲል ከቤት ጀርባ ጠራኝ። ከሸሚዙ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አብሮት የሚሠራ ልጅ ትናንት ማታ ተይዟል። ልጁ ቢናገር ቤታችን ይፈተሻል። ወረቀቶቹን የጻፋቸው ራሱ ነው፤ ከተገኙ መሞቱ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ ገበያ የሚልከኝ ያህል እየፈጠነ ነው። እቤት ማቃጠል አይቻልም፤ በዚያ ዘመን የወረቀት ጭስ ሽታ ራሱ ያስጠረጥራል። የእቶኑ ጭስ ግን ማንንም አያስገርምም።

«ለአባዬ ምሳ ስትወስጂ እሳቱ አፍ ውስጥ ጣይው» አለኝ። «እታለም፣ አፈር ስሆን፣ ዛሬውኑ። እንዳታሳድሪው።»

እንዳታሳድሪው ያለው አውቆ ነው። እኔን ያውቀኛል። እሺ አልኩት፤ ስለውም የምዋሸው አልመሰለኝም።

እቶኑ ጋ ስደርስ አባቴ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ወንዙ ወርዷል። ማንም አልነበረም። ምሳውን አስቀምጬ ላስቲኩን ፈታሁት። ለምን እንደፈታሁት አሁንም አላውቅም፤ ዝም ብዬ ብወረውረው ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። የወንድሜን እጅ ጽሑፍ አየሁ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ስለሆነ የእሱን «ሀ» ከሺህ «ሀ» መሐል እለያታለሁ፤ እግሯ ትንሽ ወደ ግራ ታዘነብላለች። ሃያ የሚሆን ገጽ፣ ሁሉም በእሱ እጅ። እሳቱ አፍ ውስጥ እያየሁ፣ እሳቷ ይህን ሳታድር ከበላች የጻፈውን እጅ ፍለጋ ትመጣለች ብዬ አሰብኩ። እህቴን ያሰብኳት ያኔ ነው፤ የጭቃ ድስቷን። እሱ የሚፈራው ቀበሌውን ነው። እኔ ደግሞ ከቀበሌው የባሰ የማውቅ መሰለኝ። ወንድሜን አድነዋለሁ ብዬ ነው ያደረግኩት፤ እንደ ዛሬ ሆኖ ይታየኛል፣ ደረቴ ውስጥ የነበረው ፍርሃት ሳይሆን ኩራት ነበር።

መኝታዋን ከፈትኳት። ውስጧ አንድ የተሰበረ ፎርማና የበሰበሰ ጆንያ ተኝቶ ነበር። ከሥሩ አስገባሁት። ላስቲኩን ለብቻው አወጣሁ፤ አፈር ካልነካው አደረ አይባልምና። አፈር፣ ከላዩ አመድ። «ሦስት ሌሊት ብቻ» አልኳቸው፤ «እስከዚያ ይጠብቁልኝ።»

ማታ ወንድሜ ከስብሰባ ሲመለስ፣ ጣልሽው ወይ አለኝ በዓይኑ ጭምር። አዎ አልኩት። ግንባሬን ሳመኝ። በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ እንደማንኛውም ሰው፤ የተሳምኩበት ውሸት ግን ያ ብቻ ነው። እውነቱን ብነግረው ኖሮ ሮጦ ያወጣው ነበር። ሁለት ሙሉ ቀን ነበረው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ሞኝ፣ እሱም ወረቀት።

ሐሙስ ጠዋት ተነስቼ፣ ዛሬ ቀኑ ነው፣ ለአባቴ ቁርሱን ስወስድ እጨርሰዋለሁ ብዬ ፊቴን እየታጠብኩ ሳለ አሰሳው መጣ። አምስት የአብዮት ጥበቃዎች ናቸው። አለቃቸውን አናውቀውም፣ ከሌላ ቀበሌ የመጣ ነው። ከአምስቱ አንዱን ግን እናውቀዋለን፤ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ከወንድሜ ጋር እኩያ ናቸው፤ ልጅ ሆነው አንድ ጉድጓድ ውስጥ አብረው ጭቃ ረግጠዋል፣ አንድ ሳህን በልተዋል። ጠመንጃ ከያዘ ሦስት ወሩ ነው። ወደ እኛ አያይም።

ቤቱን አገላበጡት። ፍራሹን ቀደዱ፣ ዱቄቱን ደፉ፣ የአባቴን ካኪ ኮት ገበር ሳይቀር ተረተሩ። ምንም የለም። ወንድሜ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር፤ ፊቱ ረጋ ያለ ነው። ተቃጥሏላ። እኔ ብቻ ነበርኩ የምንቀጠቀጠው፤ እናቴ ብርድ መስሏት ነጠላዋን አለበሰችኝ።

አለቃቸው ወደ እቶኑ እንሂድ አለ። ሁላችንንም ነድተው ወሰዱን። አባቴ እሳቱ አፍ ላይ እንጨት እየጨመረ ነበር፤ ሲያየን ቀና አለና ፊቱን በክንዱ ጠረገ። አለቃው ክምር ጡቡን እያስፈረሰ ፈተሸ። ከዚያ ደክሞትም ተናዶም ወደ ጎረቤታችን ልጅ ዞረና፣ አንተ የዚህ ሰፈር ልጅ ነህ፣ ጓደኛውም ነህ ይላሉ፣ እነዚህ ሰዎች ነገር የሚደብቁት የት ነው አለው። ጓደኛው ነህ ያለበት ድምፅ ሌላ ነገር ነበረው። ልጁ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ በጠመንጃው አፈሙዝ ወደ መኝታዋ ጠቆመ።

«የሚቃጠል ነገር የሚያሳድሩት እዚያ ነው» አለ።

ዶማ አመጡ። ፎርማው ወጣ፣ ጆንያው ወጣ፣ ከዚያ ወረቀቱ ወጣ። አፈሩ እንኳን በደንብ አልያዘውም ነበር፤ ጥርት ብሎ ይነበባል። አባቴ ያገኙት ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም። ወንድሜ ግን ገባው። ቀስ ብሎ ዞሮ አየኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። የሆነ ነገር ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው አየኝና ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

አለቃው፣ ይሄን የጻፈው ማነው አለ። ወንድሜ፣ እኔ ነኝ አለ። የቀበረውስ? እሱንም እኔ ነኝ አለ። አለቃው ሞኝ አልነበረም። የሚነደውን እቶን አየ፣ ጉድጓዷን አየ፣ ከዚያ እኛን አንድ በአንድ አየን፦ እናቴን፣ አባቴን፣ እኔን።

«እሳቱ አሥር እርምጃ ላይ እየነደደ ሰው ወረቀት ይቀብራል?» አለ። «ሌላ ሰው ነው የቀበረልህ። ማነው?»

ወንድሜ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እንደ አባቴ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በአባቴ ድምፅ፣ አባቴ በሚናገርበት ቃል መለሰለት።

«እኛ ጡብ ሠሪዎች ነን። የሰው እጅ ያረፈበት ነገር ሦስት ሌሊት አፈር ሳያድር ለእሳት አይሰጥም። እትዬ ረመጥ አይቀበሉትም። ዛሬ ላወጣው ነበር።»

አለቃው ወደ ጎረቤታችን ልጅ ዞረ። እውነት ነው ወይ አለው።

«እውነት ነው» አለ ልጁ መሬት መሬት እያየ። «እንደሱ ነው የሚያምኑት። እሱም ያምናል።»

አለቃው ሳቀ። የተማረ አብዮተኛ ተብዬው ለአመድ የሚሰግድ ሆነ እንዴ እያለ ሌሎቹንም አሳቃቸው። እየሳቁ ወሰዱት። እኔን ማንም አላየኝም። ወንድሜ እቶኑን ሲያልፍ ትንሽ ቆም አለና ወደ እሳቱ አየ፤ ከዚያ ገፉትና ሄደ። «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ትል ነበር እናቴ፤ በማርያም መማል እንኳን ጠፍቶባት። አባቴ እንጨት እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እሳቱን የሚመግበው ሰው ጠፍቶ እቶኑ በዚያው ቀዘቀዘ። በኋላ ሲከፈት ጡቡ ከላይ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ነበር፤ ሁሉም ተጣለ።

ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት። በር ላይ ተሰልፈን እንሰጣለን፣ ባዶው ሳህን ይመለሳል፤ ባዶ ሳህን ማለት አለ ማለት ነው። ሳህኑ ታጥቦ ሲመለስ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሱ ያጠበው ይመስለኛል። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሳህኑ ከነምግቡ ተመለሰ። ዘበኛው፣ ከእንግዲህ አታምጪ አለኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ። ከቃሊቲ ማዶ እስከ ቤታችን ድረስ የሞላ ሳህን ይዤ በእግሬ ተመለስኩ። እናቴ ገና ከሩቅ ሳህኑን አያያዜን አይታ አወቀች።

ማልቀስ ክልክል ነበር። ሬሳ አልተሰጠንም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነው ያለቀሰችው። አባቴ የልጁን ሸሚዝ መኝታዋ ውስጥ ሦስት ሌሊት አሳደረና በአራተኛው ቀን ለእሳቱ ሰጠው። እኔ እሳቱ ጋ አልቀርብም ብዬ ተጣላሁት። ተያት አላት እናቴን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ጀመረ። ቤት ውስጥ ተቀምጠን፣ እኔ ወንድሜን ሳስበው፣ ፊቴን ሳጠቁር ያየ እንደሆነ፣ እንዲሁ ድንገት፣ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ይላል። «እምነቱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ከልቡ አምኖ ነበር ለካ። ባላስተምረው ኖሮ ያን ቀኑን ያቃጥለው ነበር።» እኔ እሰማለሁ። እናቴ ትሰማለች። እውነቱን የማውቀው እኔ፣ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ ሆድ ግን አይፈጅም፣ ዝም ብሎ ይይዛል። አባቴ በእምነቱ ልጁን እንደገደለ እያሰበ ሲያረጅ እያየሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ሸክሙን ላወርድለት ስችል፣ አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ። ፈሪ ነበርኩ። ሌላ ስም አልሰጠውም። ልጅ ነበርኩ የሚለው ምክንያት ከአንድ ሁለት ዓመት በላይ አያስኬድም።

አባቴ በደረት በሽታ አልጋ ሲይዝ፣ ደርግ ራሱ እየታመመ በነበረበት ዘመን፣ እነግረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ወጣ ስትል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። «አባዬ፣ ስለ ወንድሜ አንድ ነገር ልንገርህ» አልኩት። ዓይኑን ገለጠ። እጄን ፈልጎ ያዘው፤ መዳፉ እንደ ተተኮሰ ጡብ ሻካራ ነበር።

«ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ሌላ ወሬ አልፈልግም። ውሃ ስጪኝ።»

ውሃ ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ አራት ቀን ነው የቆየው።

ለቅሶው ላይ ያ የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ከዚያ ዘመን ወዲህ ሰሜን ዘምቶ አንድ እግሩን እዚያ ትቶ ተመልሷል፤ ሰፈር ውስጥ ስንገናኝ መንገድ እንለውጣለን፣ እሱም እኔም። የድንኳኑ ሰው ከሳሳ በኋላ ክራንቹን አስደግፎ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ፣ ያን ቀን መኝታዋን ያሳየኋቸው ምንም እንደሌለበት እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው አለኝ። የሆነ ቦታ ማሳየት ነበረበት፤ ባያሳይ እሱም ጓደኛ ተብሎ ሊወሰድ ነው። ወንድሜ በእትዬ ረመጥ እንዴት ይስቅ እንደነበር ከማንም በላይ ያውቃል። በሰፈሩ ውስጥ ወንድሜ ፈጽሞ ነገር የማይደብቅበት አንድ ቦታ ቢኖር እሷ ነበረች።

«ዶማው መሬት ሳይነካ አንቺ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር» አለኝ። «ያኔ ነው የገባኝ።»

እሱ ግን አልጨረሰም። ስንቁ በተመለሰ ሰሞን አባቴ እቤቱ ድረስ ሄዶ እንደጠየቀው ነገረኝ። አብራችሁ ጭቃ የረገጣችሁ ናችሁ፣ ልጄ በእውነት ያምን ነበር ወይ አለው። አያምንም ነበር ብሎ መለሰለት። እንግዲያ ማን ቀበረው አለው አባቴ። እሱም ያየውን ነገረው።

«ምን አለህ?» አልኩት።

«ቁጭ አሉ። ሲነሱ፣ ‘ይሄን ያልከኝን ሦስት ሌሊት አሳድረው፣ ከዚያ አቃጥለው’ አሉኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬም የነገርኩሽ ሄደዋል ብዬ ነው።»

ዛሬ የምኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ቤቱ የብሎኬት ነው፤ ብሎኬት እሳት አያውቅም፣ በፀሐይ ደርቆ በሲሚንቶ ይኖራል። እቶኑ የነበረበት ቦታ መጋዘን ሆኗል። የጻፍኩበትን ወረቀት ማቃጠል አልወድም፤ ይህንንም ምን እንደማደርገው አላውቅም።

የለቅሶው ዕለት ጎረቤታችን ክራንቹን ይዞ ከድንኳኑ ከወጣ በኋላ እናቴን ጓዳ ውስጥ አገኘኋት። አባቴ ያን ነገር፣ ያስተማርኩት እኔ ነኝ የሚለውን፣ ምን ያህል ጊዜ ይለው እንደነበር ጠየቅኳት። ሁላችንም የሰማነውን ለምን ትጠይቂኛለሽ አለችኝ። እኔ በሌለሁበት ማለቴ ነው አልኳት፤ ለብቻችሁ ስትሆኑ፣ ወይ ሰው ሲመጣ።

እናቴ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች።

«አንቺ በሌለሽበት?» አለችኝ። «አንድም ቀን ብሎት አያውቅም።»